የእሑድ ሲኒማና የየሺ ጆሮ

ሰላም ትኬቶቹን ገዝታ ስትመጣ ትልቅ የምሥራች እንደያዘ ሰው ሆና ነበር። ሰላም የታላቅ እህቴ የየሺ ልጅ ናት፤ ባንክ ቤት ትሠራለች፤ እናቷን ለማስደሰት የማታደርገው ነገር የለም። «አክስቴ፣ አዲሱ ሲኒማ ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ? ድምፁ ደረት ያንቀጠቅጣል ነው የሚሉት። እማዬ እንኳ ሳትሰማው አትቀርም!» አለችኝ። የእህቴ ጆሮ መስማት ከተወ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ቴሌቪዥን ፊት ስትቀመጥም ምስሉን ብቻ ነው የምታየው። ልጅቱ ያሰበችው ደግና ቀላል ነገር ነበር፤ ጆሮው የደከመን ሰው ድምፅ የሚጮህበት ቦታ ወስዶ ማስደሰት። ከብዙ ዘመን በፊት አባቷም ይህንኑ እያሰበ እዚህችው ከተማ ውስጥ ሲኒማ ይሄድ እንደነበር አታውቅም። እኔም አልነገርኋትም። ወደ የሺ ዞርሁ። ከንፈራችንን ስታነብ ቆይታ ኖሮ ሁሉም ገብቷታል። ለአፍታ ወደ መስኮቱ ተመለከተችና ሁልጊዜ ጆሯችንን ወደ አፏ በሚያስጠጋን ትንሽ ድምፅዋ፣ «እሄዳለሁ» አለች። ከዚያ እንደ ልማዷ፣ «ጮህሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

«አልጮኽሽም እማዬ» አለቻት ሰላም ከንፈሯን ገልጣ። በዚህ ቤት ይህ ጥያቄና ይህ መልስ እንደ ሰላምታ ናቸው። ልጅቱ አብራቸው አድጋለችና ምክንያታቸውን ጠይቃ አታውቅም፤ እናቷ የምታንሾካሹከው ዓይን አፋር ስለሆነች ይመስላታል።

የሄድነው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ስለ አዲሱ ሲኒማ ቤት ደግ ነገር ብናገር ደስ ባለኝ፤ ግን አልችልም። ደረጃው ጉልበት ይፈታል። ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ በዚህ ሙቀት በሚያፍን ከተማ ሰው ጋቢ ይዞ የሚገባበት ቤት አየሁ። ከፊታችን የተቀመጠው ጎረምሳ ስልኩን አብርቶ ከፊልሙ ይልቅ እሱን ያያል፤ ከኋላችን ያሉት ፈንዲሻቸውን በባልዲ ይዘው እንደ ፈረስ ይቆረጥማሉ። ገንዘብ ከፍለን ከገባን በኋላ ደግሞ ስለ ቀለምና ስለ ሳሙና ማስታወቂያ አስቀመጡን። እሺ፣ ይሁን። ከዚያ መብራቱ ጠፋና ድምፁ መጣ። ወንበሩ ከሥሬ ተንቀጠቀጠ፤ ጥርሴ ተፋጨ፤ ልቤ የራሷን ምት ትታ በሱ ምት መሄድ የጀመረች መሰለኝ። የነጠላዬን ጫፍ ጠቅልዬ ጆሮዬን ደፈንሁ። ወጣቶቹ ይስቃሉ። ከፍሎ የሚደበደብ ሰው ያየሁት ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው በዚያ በድሮው አዳራሽ ነበር።

የድሮው አዳራሽ ከዘንባባው መንገድ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ቅያስ ላይ ነበር። ዛሬ በቦታው ሲሚንቶና ቧንቧ ይሸጥበታል። መግቢያው አንድ ብር አይሞላም፤ በዚያው ገንዘብ ግን ሐይቁ ዳር አንድ የተጠበሰ ቆሮሶ ከነሎሚው ይበላ ነበርና ሁልጊዜ ከዓሣውና ከፊልሙ አንዱን መምረጥ ነበረብን። እኔ ብጠየቅ ዓሣውን እመርጥ ነበር። የሚጠየቀው ግን የየሺ ባል ሞላ ነበር፤ ሞላ ደግሞ ፊልሙን ይመርጣል። እሑድ እሑድ የሺ ውሃ ሰማያዊ ሽንሽን ቀሚሷን ለብሳ፣ ወገቧን በነጭ ቀበቶ አሥራ፣ ባለ ታኮ ጫማዋን አድርጋ ትወጣለች። ሞላ ግርጌው መሬት የሚጠርግ ሰፊ ሱሪውንና ኮሌታው እስከ ትከሻው የሚደርስ ሸሚዙን ይለብሳል። ጠጉሩን አፍሮ አበጥሮ፣ ማበጠሪያውን በኋላ ኪሱ ሰክቶ፣ በመካከላችን ሆኖ ክንዳችንን ይዞ ሲሄድ የመንገዱ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየናል። በር ላይ ሱፍ የሚሸጡ ሴቶች በስማችን ይጠሩናል። ፊልሙ እስኪጀመር በትልቁ ድምፅ ማጉያ የሱዳን ዘፈን ይለቀቃል፤ ያ ዘፈን ዛሬም በሩቅ ሲሰማኝ ደስ የሚለኝና ሆዴን የሚያመኝ እኩል ነው።

ውስጡን የማስታውሰው በአፍንጫዬ ነው። ሲጋራ፣ ላብ፣ ከጓሮው በኩል የሽንት ሽታ፣ እና የማሽን ዘይት። የእንጨት ወንበሩ ትኋን ነበረበት፤ ሰኞ ሰኞ ጭናችንን እያከክን ነበር ሥራ የምንገባ። ከፊት ረጅም ሰው ከተቀመጠ የፊልሙ ግማሽ ማጅራት ነው። ያንኑ ፊልም ጧት አይቶት የመጣ አንድ ሰው አይጠፋም፤ «አሁን ይገድለዋል! አሁን ከኋላው ይመጣል!» እያለ ቀድሞ ይነግረናል። ፊልሙ በየመካከሉ ይበጠሳል፤ ያኔ ፉጨት ነው፣ ወንበር መደብደብ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ ሲወርደው ማንም ምንም አይሰማም። ይህን ሁሉ ሰው ለምዶት ነበር፤ እኔም እንደ ሰዉ ለምጄው ነበር። ያልለመድሁት ድምፁን ነው።

የድምፁ ነገር እንዲህ ነበር። የአዳራሹ ደንበኛ አብዛኛው የጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ነው፤ ከሠራተኛውም የሽመና ክፍሉ ሰው ይበዛል። ሽመና ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰው እዚያ ምን ያህል ጩኸት እንዳለ አይገባውም። ማሽኖቹ በተርታ ቆመው ቀን ከሌት ይቀጠቅጣሉ፤ በዚያ መካከል ጥቂት ዓመት የሠራ ሰው ጆሮውን እዚያው ትቶ ይወጣል። ሞላ ከወሎ መጥቶ ገና በጎረምሳነቱ ነበር የገባበት። ታዲያ እነዚህ ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ሲቀመጡ ለእኛ የሚሰማን ለእነሱ አይሰማም፤ ፊልሙ ጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ከዚህም ከዚያም፣ «በየነ! ድምፅ! ድምፅ ጨምር!» ይላሉ። በየነ ማሽኑን የሚያዞረው ሰውዬ ነው፤ ይጨምራል። እንደገና፣ «ድምፅ!» ይላሉ፤ እንደገና ይጨምራል። በመጨረሻ ድምፁ ንግግር መሆኑ ቀርቶ ብረት በብረት ላይ መውደቅ ይሆናል። ጆሮ ያለን ሰዎች ጆሮ ለሌላቸው በተለካ ድምፅ ፊልም እናይ ነበር ማለት ነው። ነውር ስለሚመስል የሚናገር አልነበረም፤ የደከመ ሰው እሑዱን ቢደሰት ምን ይባላል?

እነዚያ ሰዎች በሽመና ክፍል ውስጥ የሚነጋገሩበት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ድምፅ አያወጡም፤ ከንፈራቸውን ገለጥ አድርገው ቃሉን ይሠሩታል፣ እጃቸውንም ይጨምሩበታል። መዳፍን ደረት ላይ ማሳረፍ «ቆይ» ማለት ነው። ሁለት ጣት ትከሻ ላይ መጣል «አለቃ መጣ» ማለት ነው። ሞላ እህቴን ያግባባትም በዚሁ ነው። የሺ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ እኔም እዚያው ስልክ ቤት የደዋዮችን ተራ እይዝ ነበር። ሞላ ከሥራ ሲወጣ ይመጣና የስልክ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ይቆማል። እሷ በክፍሏ መስኮት በኩል፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ የሰው ስልክ እያገናኘች ታየዋለች። እሱ ያለ ድምፅ በከንፈሩ፣ «ዛሬ አምሮብሻል» ይላታል። በኋላ በኋላ እኔም ተማርሁት። ባለጉዳይ ፊት ቆመን ሦስታችንም ዝም ብለን እናወራ፣ ዝም ብለን እንስቅ ነበር።

ሞላ ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበር። ኩሩ ሰው ነው፤ «ምን አልሽ?» እያሉ መደጋገም ይከብደዋልና ሰው ሲያወራ ፈገግ ብሎ ይቀመጣል። ሲኒማ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። እዚያ ይሰማዋል። ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ቤት ገብቶ ፊልሙን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይተርክልናል። እህቴ ያን ትረካ ለመስማት ስትል ሲኒማ ውስጥ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር፤ የሚቀመጠው ደግሞ በግራ በኩል፣ ከድምፅ ማጉያው ሥር ነው። አንድ እሑድ እኔ ራሴን ቢያመኝ ሞላ ከፋብሪካው ካመጣው ጥጥ ቆንጥሬ ጆሮዬ ውስጥ ከተትሁና ለየሺም ሰጠኋት። እሷም አደረገችው። ሞላ በብርሃኑ ጭላንጭል አየና ፊቱ ተለወጠ። ያን ቀን ቤት ገብቶ ፊልሙን አልተረከም። በሚቀጥለው እሑድ ጥጡን ስሰጣት እጄን ገፋችው፤ «ተይኝ ታንጉት። አብሬው ልስማበት» አለችኝ።

ከፊልም ስንወጣ ሐይቁ ዳር መቀመጥ ልማዳችን ነበር። ጆሯችን ጭው ይላል፤ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን ጭውታው እስኪወጣልን እንጠብቃለን። ጸሐይዋ በሐይቁ ላይ ታዘቀዝቃለች፤ ደንገል የጫኑ ታንኳዎች ይመለሳሉ። በመጀመሪያ ምንም አይሰማም። ከዚያ ቀስ ብሎ የወፎቹ ድምፅ ይመጣል፤ ቀጥሎ ውሃው ድንጋዩን ሲልስ ይሰማል። መጀመሪያ የሰማው «መጣ!» ይላል። ጨዋታችን ነበር። ለሞላ መቼም አይመጣለትም፤ የእኛን ፊት እያነበበ አብሮን ይደሰታል። በመጀመሪያው ሰሞን እህቴ ትቀድመኝ ነበር። እንደ ኦፕሬተር ጆሮ የሚሰማ ጆሮ የለማ! ከዚያ እኔ እቀድማት ጀመር። ከዚያ እኔ «መጣ» ካልሁ በኋላ እሷ ብዙ ትቆያለች። በአንድ እሑድ ታንኳዎቹ ሁሉ ገብተው፣ ጸሐይዋም ወርዳ፣ የሺ አገጭዋን በመዳፏ ይዛ ውሃውን እያየች ተቀምጣለች። «መጣልሽ?» አልኋት። «መጣ» አለችኝ። እንዳልመጣላት ከዓይኗ አየሁ። ፈራሁ፤ በእውነት ፈራሁ፤ ምክንያቱም ያች ልጅ ከጆሮዋ ሌላ እንጀራ የላትም።

ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድሁ። ነርሷ ከጩኸት እንድትርቅ መክራት ላከቻት። የሺ «እሺ» ብላ ወጣችና በር ላይ፣ «እሑድ ብቀር ሞላ ምክንያቱን ይጠይቀኛል። ምን እለዋለሁ? አንተ የምትወደው ነገር አደነቆረኝ ልበለው?» አለችኝ። መሄዷንም አልተወችም። ሥራ ላይ ደግሞ ድካሟን የሚደብቅላት ነገር ነበር፤ የዚያን ጊዜ የስልክ መስመር። በዚያ ዘመን ስልክ ላይ የማይጮህ ሰው የለም፤ መስመሩ ይንኳኳል፣ ይፏጫል፣ ይጠፋል። «ይድገሙልኝ» ብትል አለቃችንም ደዋዩም መስመሩን ነው የሚረግሙት።

አሁን ስለ መርዶ ልንገራችሁ። እንደሚታወቀው መርዶ በስልክ ለባለቤቱ አይነገርም። ከሩቅ የሚደውለው ሰው የሟቹን እናት ወይ ሚስት አያስጠራም፤ ጎረቤት ወይም የንስሐ አባት ነው የሚያስጠራው። የተጠራው ሰው ሰምቶ፣ ፊቱን አጥርቶ፣ አፉን ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ዘመድና ጎረቤት በምስጢር ተጠራርቶ፣ ማለዳ በር ተንኳኩቶ፣ ሰው ዙሪያዋን ይዟት ነው ለእናት የሚነገራት። እኛ ስልክ ቤት እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ ለየሺ ይሰጣት ነበር። መርዶ መሆኑን ከደዋዩ አተነፋፈስ ታውቀዋለች። ያኔ በመስኮቱ በኩል ታየኝና መዳፏን ደረቷ ላይ ታሳርፋለች፤ እኔ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ያለውን ሰው ዘወር ዘወር አደርጋለሁ። መስመሩ ለደዋይና ለተቀባይ አልሰማ ሲል ኦፕሬተሯ መካከል ገብታ መልእክቱን ተቀብላ ታስተላልፋለች፤ ስም ከተጠራ ስሙን ደግማ ማረጋገጥ ግዴታዋ ነው። የሺ ይህን ስታደርግ አፏን በመዳፏ ሸፍና እንደ ጸሎት ዝግ ብላ ነው። ከክፍሏ የሚለየን ቀጭን ጣውላ ነው፤ እኔ እንኳ ደጇ ተቀምጬ ሰምቻት አላውቅም።

በዚያ ሰኞ ከአንበሳሜ ቄስ መንገሻ የሚባሉ አባት የስልክ መጥሪያ ይዘው መጡ። የተጠሩት ከአዲስ አበባ ነው፤ የጠራቸውም እማማ ዘርፌ የተባሉ የአንበሳሜ ሴት ወንድም ነው። ቄሱ ብቻቸውን መምጣት ነበረባቸው፤ እማማ ዘርፌ ግን ከአዲስ አበባ ስልክ መጣ ሲባል ሰምተው ተከትለዋቸው መጥተዋል። አንድ ልጃቸው አምሳሉ አዲስ አበባ የጭነት መኪና ላይ ይሠራል። ከአጎቱ ጋር ሆኖ የደወለ መስሏቸዋል። አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። በእኔ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው፣ «ያየኝ ይመስል ለብሼ መጣሁ፤ ይህ ነው እንግዲህ ጅልነት» ብለው ሳቁ። ቄሱ ፊታቸው ጠቁሯል። «ዘርፌ፣ እስቲ ጊዮርጊስን ተሳልመሽ ነይ፤ ስልኩ ይቆያል» አሏቸው።

«ኧረ አባ! ቢያመልጠኝሳ? ድምጡን ከሰማሁት ስንት ዘመኔ» አሉ እማማ ዘርፌ።

ስልኩ ደረሰ። ቄሱ ወደ ስልክ መነጋገሪያው ሳጥን ገብተው «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲሉ ቆዩና፣ «አይሰማም ልጄ» ብለው ራሳቸውን ብቅ አደረጉ። የሺ መሐል ገባች። ትናንትናው እሑድ ተኩስ ብቻ የሆነ ፊልም ነበር ያየነው፤ ጧት ስትገባ ጀምሮ ጆሮዋን በጣቷ ስትወጋ አይቻታለሁ። የእጇን ምልክት ጠበቅሁ። አልመጣም። የመጣው ድምፅዋ ነው፤ ከጣውላው በላይ፣ ከአዳራሹ ጫጫታ በላይ፣ እስከ ውጭው በር ድረስ።

«አምሳሉ? አምሳሉ ነው ያሉኝ?»

እማማ ዘርፌ ብድግ አሉ። እኛ ዘንድ ስልክ ሲደርስ ስም ነው የሚጠራ፤ ልጃቸው መስመር ላይ የመጣ መሰላቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፊታቸው በርቶ፣ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያሉ ወደ ሳጥኑ ሄዱ።

«መቼ ነው ያረፈው?» አለች የሺ። «አልሰማሁዎትም፣ ጮክ ይበሉ! ትናንት ነው የተቀበረው?»

ጣውላውን በጡጫ መታሁት። አልሰማችም። ዘልዬ ገባሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ አንድ ጆሮዋን በማዳመጫው፣ ሌላውን በጣቷ ይዛ፣ የአንገቷ ሥር ተወጥሮ ትጮኻለች። የምታንሾካሹክ ነው የሚመስላት። ትከሻዋን ስይዘው ዞረች። በከንፈሬ፣ «እናቱ እዚህ ናቸው» አልኋት። በመስኮቱ አሻግራ አየች።

እማማ ዘርፌ አልጮኹም። የሳጥኑን እጀታ ይዘው ቆመዋል። ቄሱን አዩአቸውና፣ «አባ፣ ስልኩ ተቆረጠ?» አሏቸው።

ቄሱ መልስ ከመስጠታቸው በፊት አዳራሹ ውስጥ ያለ የማያውቃቸው ሰው ሁሉ ማልቀስ ጀመረ። እሳቸው የተረዱት ከሰዉ ለቅሶ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። ያን አዲስ ነጠላ መሬት ላይ አይቼዋለሁ፤ ይበቃል።

እህቴን የሰደባት ሰው የለም። አለቃችን ወደ ክፍሏ ገባ፣ ከኋላዋ ቆሞ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ወደ ጆሮዋ አስጠጋው፣ ወደ ሌላውም ዞረ። ዝም ብላ ስትቀመጥ ሰዓቱን መልሶ አሠረና ወጣ። በዚያው ሳምንት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሯት፤ ጡረታ እስክትወጣ የቆየችው እዚያ ነው። ለቅሶ ለመድረስ አንበሳሜ አብረን ሄድን። የሺ እግራቸው ላይ ወደቀች። እማማ ዘርፌ አነሷትና፣ «ምን አደረግሽ አንቺ ልጄ። ድምጥሽን ስሰማ እኮ እሱ የመጣ መስሎኝ ነበር» አሏት። ቢረግሟት ይሻላት ነበር። ተመልሰን ቤት ስንደርስ ውሃ እንድሰጣት በሹክሹክታ ጠየቀችኝና፣ «ጮህሁ እንዴ?» አለችኝ። ያ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ ከፍ ብሎ የሰማ ሰው የለም። ሰላምን ስትወልድ እንኳ ነጠላዋን ነክሳ ነው።

ሞላ ነገሩን ከእኔ ሰማ። በሚቀጥለው እሑድ ብቻውን ወደ አዳራሹ ሄደ። አብረውት የነበሩ ሰዎች እንደነገሩኝ ፊልሙ ሲጀመር «ድምፅ ጨምር!» ሲሉ እሱ ተነሥቶ፣ «በየነ፣ ቀንስ! ቀንስ ብዬሃለሁ!» ብሎ ጮኸ። ጓደኞቹ የሚቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ «ጨምር!» አሉ። ወደ በየነ ክፍል ደረጃ ሲወጣ ይዘው አወጡት። ከዚያ በኋላ ሲኒማ አልረገጠም። እሑድ እሑድ ከየሺ ጋር በር ላይ ተቀምጠው ያለ ድምፅ በከንፈር ያወራሉ፤ ሰላም የተወለደችውና ያደገችው በዚያ ቤት ነው። ከአጥሩ ውጭ የሚያልፍ ሰው ቤቱ ባዶ ይመስለው ነበር። ሞላን ስንቀብረው እንኳ የሺ ድምፅ አላወጣችም፤ ሰዉ «አላዘነችም» ብሎ አማት።

ይህን ሁሉ እያሰብሁ ነው በአዲሱ ሲኒማ ቤት ጆሮዬን በነጠላ ደፍኜ የተቀመጥሁት። ሰላም በየጊዜው የእናቷን ፊት ታያለች። የሺ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ፊልሙ ወደ መጨረሻው ሲደርስ አንድ ሕንፃ ፈረሰ፤ አዳራሹ የተደረመሰ መሰለኝ፤ ሰላም ራሷ ጆሮዋን ያዘች። በዚያ ብርሃን ወደ የሺ ዞር ስል አፏ በሰፊው ተከፍቶ አየሁ። ያዛጋች መሰለኝ። ከዚያ ጨለመ።

ስንወጣ እንደ ድሮው ወደ ሐይቁ ወረድን፤ ማንም አልጠየቀ፣ እግራችን ነው የወሰደን። ሰላም በደስታ፣ «እማዬ፣ ሰማሽ?» አለቻት። የሺ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ልጅቱ እናቷን ስማ ባጃጅ ልትፈልግ ሄደች። እኔ ጆሮዬ ጭው ብሏል። ውሃው ድንጋዩን እየላሰ ነው፤ አያለሁ፣ አይሰማኝም። እህቴ ዓይኔን ወደ እሷ እስክመልስ ጠበቀችኝና በሽመና ክፍሉ ዘዴ፣ ያለ ድምፅ፣ በከንፈሯ ተናገረች።

«ጠራሁት» አለችኝ። «ሕንፃው ሲፈርስ። አምሳሉ ብዬ፣ ባለኝ ጉልበት ሁሉ። ማንም ሳይሰማ አንድ ጊዜ ጮኼ ልጠራው እፈልግ ነበር።»

ከንፈሬ ተንቀጠቀጠ፤ የምታነበው ደግሞ እሱን ነው።

«አጠገብሽ ነበርሁ። አልሰማሁም» አልኋት።

ዓይኗን ከከንፈሬ አላነሣችም። እማማ ዘርፌ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው እንደሆነ ታውቃለች፤ ቀብራቸው ላይ አብረን ነበርን።

«እሳቸውስ?» አለችኝ። «እሳቸው ሰሙኝ?»

እንድታነበው ቃሉን ቀስ ብዬ ሠራሁላት።

«አልሰሙም እታለም። አልሰሙሽም።»